ሳቱርኖን የነካ እጅ

ቬኔራ የመድረኩን የኋላ መጋረጃ ገልጣ ስትገባ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው አባቷ ላይ ነው። ዶን ሜሎ ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ የአንድ ልጅ ቁመትና የአንድ ከረጢት እህል ክብደት ያለውን ጥቁር አሻንጉሊት በሁለት ክንዳቸው ታቅፈው፣ ዝም ብለው ወደ መሬት ያያሉ። ከፊታቸው የአሻንጉሊት ቲያትር ቤቱ ባለቤት ዶን ጋስፓሬ በጀርባቸው ተዘርረዋል። ጭንቅላታቸው የጥቁር ድንጋዩ ደረጃ ጠርዝ ላይ ነው። ደሙ ከደረጃው ሥር ተጠራቅሟል።

«አባባ» ልትል አፏን ከፈተች። እጇ ግን አልዘገየም። ከሐሳቧ ቀድሞ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ገባና ሚስማሯን ጨበጠ።

በደሴቷ ከተማ በአቺሬያሌ ገደ ቢስ ሰው ሲያልፍ ወይም ስሙ ሲነሳ ክፉ ዕድሉ እንዳይጋባ ብረት ይነካል። ቁልፍ ይሁን፣ የበር እጀታ ይሁን፣ የተገኘው ይነካል። ቄሱም ይነካሉ፤ ሐኪሙም በመጽሐፍ የተማረውን ትቶ ይነካል። ቬኔራ ከሌላው የምትለየው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገደ ቢስ የተባሉት የገዛ አባቷ ናቸው። ያንን ሚስማር ከልጅነቷ ጀምሮ ከኪሷ ለይታው አታውቅም፤ ይህንንም ለንስሐ አባቷ እንኳ ተናግራ አታውቅም።

አባቷ ቀና አሉ። እጆቻቸው እስከ አንጓቸው ጥላሸት የተቀቡ ይመስላሉ።

«ሞቷል» አሉ። ያ አዳራሽ የሚያንቀጠቅጥ ወፍራም ድምፃቸው እንደ ታመመ ሰው ሆኗል።

ከመጋረጃው ወዲያ ሕዝቡ ዕረፍቱ ረዘመብን ብሎ እግሩን እየደበደበ፣ የተቆላ ሽምብራ እየቆረጠመ ያፏጫል። በዚያ መሀል የዶን ጋስፓሬ የወንድም ልጅ ኑንዚዮ በጎን በኩል ገባ። አጎቱን አየ፤ ዶን ሜሎን አየ፤ ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ።

«ገደሉት!» ብሎ ጮኸ። «ሜሎና ያ ጥቁር ሰይጣኑ አጎቴን ገደሉት!»

እየጮኸ ወደ አዳራሹ ሮጠ። ወዲያው አግዳሚዎቹ ተገለባበጡ፤ ሴቶች ኡኡ አሉ፤ ሰዉ በአንድ ጠባብ በር ተጋፍቶ ወደ መንገዱ ፈሰሰ። ትንሽ ቆይቶ የመጀመሪያው ድንጋይ መስኮቱን መታ። ቬኔራ የአባቷን ክንድ መያዝ እንደሚገባት ታውቃለች። አልያዘችውም። ከሚስማሩ ጋር እንደ ተጣበቀች ቆመች፤ በዚያም ራሷን ጠላች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶን ጋስፓሬ ከጦርነቱ በኋላ የራሳቸውን ረጅም ተረት ፈጥረው፣ ሰው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ይልቅ በጉጉት የሚጠብቀው ነገር አድርገውት ነበር። በተረቱ ውስጥ እያንዳንዱ ጦረኛ የአንድ ኮከብ ልጅ ነው። ፌራንቴ የማርስ ልጅ ነው፤ ላባው ቀይ፣ ጥሩሩ ብረት፣ ደሙ ትኩስ፣ ሰይፉ ከአፉ የሚቀድም። ሳቱርኖ ደግሞ የሳተርን ነው፤ ከኮከቦቹ ሁሉ የራቀው፣ የቀዘቀዘው፣ የዘገየው። ጥሩሩ እርሳስ፣ ቀለሙ ጥቁር፣ መሣሪያው ማጭድ ነው። የገዛ ልጆቹን በልቷል ይባላል። ሳቱርኖ መድረክ ላይ ሲወጣ አዳራሹ ይራገማል፤ የብርቱካን ልጣጭ ይወረውራል፤ አንዴማ አንድ ዓሣ ነጋዴ ጫማውን ወርውሮ በባዶ እግሩ ቤቱ ገብቷል።

እያንዳንዱ ተጫዋች አሻንጉሊቱን ራሱ ያንቀሳቅሳል፤ ራሱም ይናገርለታል። ፌራንቴ የኑንዚዮ ነው። ኑንዚዮ ቡና ቤት ሲገባ የሚከፍል ሰው ይሽቀዳደምለታል፤ የፋርማሲስቱ ሴት ልጅም ለእሱ ታጭታለች። ሳቱርኖ ከሃያ ዓመት በላይ የዶን ሜሎ ነው። ዶን ሜሎ ዳቦ ሊገዙ ሲሄዱ ዳቦ ሻጩ መልሱን እጃቸው ላይ አያስቀምጥም፤ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ ይላል። ቬኔራን ሊያገቡ ሁለት ወንዶች መጥተው ነበር። ሁለቱም አማታቸው የሚሆኑት እኒያ ሰው መሆናቸውን ሲያስቡ እግራቸው አጠረ።

የካራቢኒዬሪ ፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ማሬሻሎ ሊቦሪዮ ስካማካ በዝግታ መጡ። በዝግታ የማያደርጉት ነገር የለም። ከደሴቲቱ መሀል፣ ከሰልፈር ማዕድን አገር የመጡ ግዙፍ ሰው ናቸው፤ በኪሳቸው በጨው የተዘፈዘፈ ግብጦ በወረቀት ጠቅልለው ይዞራሉ። ሕዝቡን ገፍተው አልገቡም፤ ሕዝቡ እስኪከፈትላቸው ቆመው ጠበቁ።

«ሜሎን ስጡን!» አለ አንድ ሰው።

«ምን ልታደርገው? እጁን ልትነካ ትደፍራለህ?» አሉት ማሬሻሎው። ሰውየው እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። አንዱን ካራቢኒዬሬ በሩ ላይ አቁመው ገቡ።

ሬሳውን ለረጅም ጊዜ አዩ። የከተማው ሐኪም አጠገባቸው ተንበርክኮ በሹክሹክታ የነገራቸውን ሲሰሙ ፊታቸውን አጨፈገጉ። የሟቹን መዳፎች ገልብጠው አዩ። አሻንጉሊቱን ዶን ሜሎ ካስቀመጡበት ሳያነሱት ዞረው ዞረው አዩት። ከዚያም ጣሪያው ሥር ያለውን አሻንጉሊቶቹ የሚሰቀሉበትን የብረት ዘንግ ቀና ብለው ተመለከቱ። ዘንጉ ከደረጃው ሩቅ ነው።

«ከቤቱ ሰው ማን ማን አለ?» ብለው ጠየቁ።

የነበሩት አምስት ናቸው፤ የሟቹ ሚስት ዶና ቱዳ፣ አሻንጉሊቶቹን የሚሠሩትና የሚቀቡት ማስትሮ ቪቶ፣ ኑንዚዮ፣ ዶን ሜሎ፣ እና የልዕልቲቱ ድምፅ የሆነችው ቬኔራ። ማሬሻሎው ሁሉንም የአዳራሹ አግዳሚ ላይ አስቀመጧቸው። ራሳቸው መድረኩ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው አንድ ግብጦ ላጡ።

«እንግዲህ ሳቱርኖ» አሉ ጮክ ብለው።

አራት እጆች ተንቀሳቀሱ። ዶና ቱዳ በእንባ እንደ ታጠቡ እጃቸውን ጡታቸው መሀል ከትተው በክር ያንጠለጠሉትን የበር ቁልፍ ያዙ። ማስትሮ ቪቶ ወገባቸው ላይ የተንጠለጠለውን መዶሻ ዳሰሱ። ኑንዚዮ ጣቶቹን በሸሚዙ ቁልፎች መሀል አሾለከ። የቬኔራ እጅ ኪሷ ውስጥ ገባ። የዶን ሜሎ ጥቁር እጆች ብቻ ጉልበታቸው ላይ እንዳሉ ቀሩ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ከእኔ ጋር ነይ» አሏት ቬኔራን። «የአሻንጉሊቶቹን ነገር የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ። እኔ እንግዳ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደ መድረኩ ሲጠሩ፣ ቬኔራ አጠገባቸው ቆማ ሁሉንም ሰማች።

ማስትሮ ቪቶ ኮፍያቸውን እየጠመዘዙ ተናገሩ።

«በመጀመሪያው ክፍል ሕዝቡ ልጣጭ ሲወረውርበት የዚያ... የዚያ ስሙ የማይጠራው አሻንጉሊት የአንገቱና የደረቱ ቀለም ተላጠ። ዕረፍት ሲሆን ወዲያው ከአንገቱ እስከ ወገቡ በጥላሸትና በዘይት ቀባሁት። ሰቅዬው ከበር ጠባቂው ጋር ላጨስ ወጣሁ። ኑንዚዮ እስኪጮህ ድረስ እዚያው ነበርኩ፤ ጠይቁት።»

«ቀለሙ ደርቆ ነበር?»

«በምን ተአምር! ነገም አይደርቅ።»

«ታዲያ በዚህ እርጥብ ቀለም እንዴት ሊጫወቱበት ነበር?»

ማስትሮ ቪቶ ቬኔራን አዩ፤ እሷ መለሰች።

«አካሉን ማንም አይነካውም፣ ማሬሻሎ። ከጭንቅላቱና ከቀኝ እጁ የብረት ዘንግ ይወጣል። የምናነሳውም የምናንቀሳቅሰውም በዘንጉ ነው። ሲወድቅ ካልሆነ፣ ወይ ሲጠገን...»

«ዶን ጋስፓሬ ዛሬ ቀለም ነክተው ነበር?»

«እሱ?» ማስትሮ ቪቶ በሐዘናቸው መሀል ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው። «እሑድ እሑድ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ እጁን ኪሱ ከትቶ ነው የሚዞረው። ቀለም ካየ ይሸሻል።»

ማሬሻሎው የግብጦውን ልጣጭ በጥንቃቄ ወረቀቱ ላይ አስቀመጡ። ውጭ ሌላ ድንጋይ በሩን መታው። ቬኔራ ደነገጠች፤ እሳቸው አልደነገጡም።

ዶና ቱዳ ከቲኬት መሸጫቸው ተነሥተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ጠዋት ግን ዶን ሜሎና ባላቸው ሲጨቃጨቁ ሰምተዋል።

«ሜሎ ምን አሉ?»

«‹ከእንግዲህ ይህን ነገር አልሸከምም፣ አውርድልኝ› እያለ ይለምነዋል። ይለምናል ልበል ይጮሃል? ያ ድምፅ መቼ ይለይለታል! ባሌ ደግሞ እሺ እሺ ይለዋል። ምሳ ላይ ምን ነካህ ብዬ ስጠይቀው፣ ‹ቱዳ፣ ዛሬ ከአንዱ ትከሻ አውርጄ ለሌላው ላሸክም ነው፤ ያኛው እንደሚቆጣ አውቃለሁ› አለኝ። ምኑን ስለው ሳቀ። ጌታ ሆይ፣ ሳቀ እኮ!»

ሴትየዋ ተንሰቅስቀው አለቀሱ። ማሬሻሎው አልከለከሏቸውም፤ እስኪወጣላቸው ጠበቁ።

ኑንዚዮ ሲመጣ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ቆንጆ ነው፤ መድረክ ላይ ባይሆንም የሚታይ ሰው መሆኑን አይረሳም።

«ዕረፍቱን የት ነበርክ?»

«ጥግ ካለችው ኪዮስክ። ሎሚ በጨው ጠጣሁ። ሰው ሁሉ አይቶኛል።»

«ሙሉውን?»

«መጀመሪያ የፌራንቴን ጥሩር በላምባ ወለወልኩ። ከዚያ ወጣሁ።»

ላምባውማ ቬኔራም ሸትቷታል፤ እጁ እስከ አንጓው ይሸታል። በክፍሎቹ መሀል ጥሩር የሚወለወልበት ጊዜ ኖሮ እንደሆነ ትዝ አላላትም፤ ያን ጊዜ ግን ጭንቅላቷ የሚያስበው ሌላ ነበር።

«ሳቱርኖንስ?» አሉ ማሬሻሎው። የኑንዚዮ ጣቶች እንደገና በሸሚዙ መሀል ሾለኩ። «ነክተኸው ታውቃለህ?»

«እኔ? በሕይወቴ! እጄ ይድረቅ ነክቼው ከሆነ! አጠገቡ እንኳ አልቆምም። ያንን የሚነካ ሰው ምን እንደሚሆን አያዩም?» በአገጩ ወደ ዶን ሜሎ ጠቆመ። «ሰዉ ውጭ የሚለው እውነት ነው። ሃያ ዓመት ሰይጣን የተናገረበት አፍ፣ መጨረሻ ላይ እጁም የሰይጣን ይሆናል።»

 ቬኔራ የፈራችው ድንጋዩን አይደለም፤ ይህንኑ ነው። ልጅ ሳለች አባቷ ቤት ውስጥ ድምፃቸውን ሲያለማምዱ አልጋ ሥር ገብታ ጆሮዋን ትደፍን ነበር። ያ ድምፅ ከየት ይመጣል? ሰው ውስጥ ከሌለ ከየት ይወጣል?

በመጨረሻ ዶን ሜሎ ተጠሩ።

«ጠዋት ተጣልታችኋል።»

«አዎ።»

«በምን?»

ዶን ሜሎ ልጃቸውን አዩና ዓይናቸውን ሰበሩ። «በሥራ ጉዳይ።»

«‹አውርድልኝ› ያሉት ሳቱርኖን ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ለምን ዛሬ?»

ዶን ሜሎ ጥቁር እጆቻቸውን ተመለከቱ።

«ዶን ሜሎ፣ እዚያ ውጭ ያለው ሕዝብ እርስዎን ሊበላ ነው የቆመው። እኔም ዝም ካሉኝ በካቴና ይዤዎት ከመውጣት ሌላ የማደርገው የለኝም።»

«አልገደልኩትም። ገብቼ ሳየው ያ ነገር ከላዩ ነበር። ይከብደዋል ብዬ አነሣሁለት።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ያሰኘዎትን ያድርጉ።»

ሲመለሱ በቬኔራ አጠገብ አለፉ። እጇ ኪሷ ውስጥ ነበር። ማሬሻሎው አዩት።

«አባትሽን ትፈሪያለሽ?» አሏት ቀስ ብለው።

አልፈራም ልትል ፈለገች። በዚህ ቃል ላይ የአባቷ ሕይወት እንደ ተንጠለጠለ ይገባታል። ሆኖም እንባዋ ብቻ ወረደ።

«ደህና» አሉ ማሬሻሎው። «ቢያንስ አልዋሸሽም። ተቀመጪ።»

ተነሥተው ሱሪያቸውን አራገፉ። ከኋላቸው አሻንጉሊቶቹ ተሰልፈው ተሰቅለዋል፤ ጀግኖቹ በአንድ ወገን፣ ክፉዎቹ በሌላው። ጥቁሩ ብቻ ወለሉ ላይ ተቀምጦ በቀለም አይኑ ያያቸዋል።

«እኔ ስወለድ አያቴ ኮከቡ ሳተርን ነው አለች አሉ» ብለው ጀመሩ። «ዘገምተኛ ይሆናል፣ ሁሉ ነገር ዘግይቶ ይገባዋል። አልተሳሳተችም። ስለዚህ ታገሱኝ፤ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ይህ አሻንጉሊት በራሱ አልወደቀም። የተሰቀለበት ዘንግ ወዲያ ነው፤ ሬሳው ወዲህ ነው፤ መንጠቆውም ደህና ነው። ሰው አምጥቶታል። ማን? የዶን ጋስፓሬ መዳፎች ጥቁር ናቸው።»

ዶና ቱዳ ቀና አሉ።

«አዎ፣ እመቤቴ። ቀለም ሲያዩ የሚሸሹት ባለቤትዎ፣ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ይህንን ነገር ወገቡን በሁለት እጃቸው አቅፈው ይዘውታል። ሰው ዕቃን እንዲህ የሚይዘው መቼ ነው? ሊጫወትበት ቢሆን በዘንጉ ያነሣዋል። እንዲህ የሚይዘው ለሌላ ሰው ሲያስታቅፍ ነው። ሕፃን ለክርስትና አባቱ እንደሚሰጠው።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ዶን ጋስፓሬ ሳቱርኖን ለሰው ሲሰጡ ነው የሞቱት።»

«ለሜሎ ነዋ!» አለ ኑንዚዮ።

«የራሱን ሸክም ለራሱ? ሜሎ እኮ ጠዋት አውርድልኝ ያሉ ሰው ናቸው። ዶን ጋስፓሬም ለሚስታቸው ከአንዱ ትከሻ አውርጄ ለሌላው ላሸክም ነው ብለዋል። ሌላው ማን ነው? ማስትሮ ቪቶ ቀቢ ናቸው፤ ተጫውተው አያውቁም። ዶና ቱዳና ይህች ልጅ ያንን ክብደት ትዕይንቱን ሙሉ በዘንግ ሊሸከሙት አይችሉም።»

ማሬሻሎው ስም አልጠሩም። አግዳሚው ላይ ግን ሁሉም ሰው ሳያውቀው ከኑንዚዮ ትንሽ ፈቀቅ አለ፤ ልክ ሰው ከዶን ሜሎ እንደሚርቀው።

«ከዶን ጋስፓሬ እጅ ሌላ ቀለሙ ላይ የሁለት ሰው እጅ አለ» ብለው ቀጠሉ። «አንደኛው ደረቱ ሥር ነው፤ ሰፊ፣ አካፋ የሚያህል፣ ወደ ላይ የተጎተተ። ያ ከላይ ያነሣ ሰው እጅ ነው፤ የዶን ሜሎ ነው፤ እሳቸውም አልካዱም። ሁለተኛው አንገቱ ላይ ነው፤ ቀጭን ረጃጅም ጣቶች፣ አውራ ጣቶቹ ከፊት። ያ ደግሞ የገፋ ሰው እጅ ነው።»

«ቀጭን ጣት ያለው ሰው ከተማው ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ?» ኑንዚዮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። «እጄን እዩት! ንጹሕ ነው!»

«በላምባ የታጠበ እጅ ንጹሕ ነው» አሉ ማሬሻሎው። «እኔም እጅህን አልጠየቅሁህም። እንግዲህ ሁላችሁም የምትነኩትን ብረት አውጡና እዚህ አግዳሚው ላይ አስቀምጡ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ማሬሻሎው ቢያዟቸው ልብሳቸውን ማውለቅ ይቀልላቸው ነበር።

መጀመሪያ ማስትሮ ቪቶ መዶሻቸውን አስቀመጡ። ዶና ቱዳ ቁልፋቸውን ከክሩ ፈቱ። ቬኔራ አባቷ አጠገቧ እንደ ተቀመጡ፣ እያዩዋት፣ ዝገት የበላውን ሚስማር አውጥታ ከቁልፉ ጎን አኖረችው። ከአባቷ ዓይን ጋር ዓይኗ እንዳይገናኝ መሬት መሬት አየች። በሕይወቷ እንደዚያ ያፈረችበት ቀን የለም።

«ዶን ሜሎ?»

«እኔ የለኝም» አሉ። «ብረት ብነካ አመንኩት ማለት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አልነካሁም።»

«ኑንዚዮ?»

ኑንዚዮ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆመ። ላብ በግንባሩ ይወርዳል። ካራቢኒዬሬው ከበሩ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። ያኔ ዶና ቱዳ ተነሡና የባላቸውን የወንድም ልጅ፣ እንደ ልጃቸው ያሳደጉትን፣ የሸሚዙን ቁልፎች ራሳቸው ፈቱ። እሱም አልገፋቸውም። በቀይ ክር የተንጠለጠለች፣ የፌራንቴን ሰይፍ የምትመስል ትንሽ የብረት ሰይፍ ወጣች። እጀታዋ ላይ ጥቁር ቅባት ተለጥፎባታል። የሸሚዙ የውስጥ ወገንም እንዲሁ ጠቁሯል።

«ይህ ቀለም ዛሬ በዕረፍቱ የተቀባ ነው» አሉ ማሬሻሎው። «አንተ ደግሞ በሕይወቴ አልነካሁትም ብለህ ምለሃል። እጅህን ከማጠብህ በፊት መጀመሪያ ያደረግኸው ይህንን ነው። ያንን ነገር ነካህ፣ ከዚያ ብረትህን ነካህ። እዚህ ከተማ ያደገ ሰው ሊተወው አይችልም። ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለህ? አጎትህ ወዲያው አልሞቱም። ጥቂት ጊዜ በሕይወት ነበሩ። እሳቸው እዚያ ሲያቃስቱ አንተ የጨበጥከው የእሳቸውን እጅ አልነበረም።»

 ኑንዚዮ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«መግደል አላሰብኩም!» አለ። «እመቤታችን ምስክሬ ናት! ያንን ነገር ይዞ መጣና ‹እንካ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው› አለኝ። ፌራንቴንስ አልኩት። ለሌላ ሰው አስተምራለሁ አለ። ‹ያለ ሳቱርኖ ፌራንቴ ማን ይሆናል? ለከባዱ ከባድ ሰው ያስፈልጋል፤ አንተ ጎበዝ ነህ› አለኝ። እጄ ላይ ጣለው! ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥብ ነው... ገፋሁት። ብቻ ገፋሁት። እንደ እሱ መሆን አልፈለግሁም!» ወደ ዶን ሜሎ ጠቆመ። «ሰው መንገድ እንዲቀይርብኝ? የፋርማሲስቱ ልጅ እንድትሸሸኝ? ልጆቼ...»



«ለምን ዛሬ? ለምን አሁን ብለህ አልጠየቅሃቸውም?» አሉ ማሬሻሎው።

«ጠየቅሁት። ‹ሜሎ ልጁን መዳር ይፈልጋል› አለኝ። ‹ድምፁን ካልተወ ማንም አይወስዳትም። አለቀሰብኝ እኮ፤ ሳቱርኖ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም› አለ።»

 ቬኔራ የሰማችውን ነገር ለመያዝ ቦታ አጣች። አባቷ በካቴና ሊወጡ፣ በድንጋይ ሊመቱ ተቀምጠው እንኳ ያልተናገሩት ይህንን ነው። እሷ እንዳታፍር፤ ባል ያጣችው በአባቷ ምክንያት መሆኑን ሰው ፊት እንዳትሰማ። እሷስ? እሷ ከሌላው ሁሉ ቀድማ ፈርዳባቸው ነበር።

«ሳታውቅ ገፋህ፤ እሱን ዳኛ ይመዝነዋል» አሉ ማሬሻሎው ኑንዚዮን። «ጥለሃቸው መሄድህንና ወጥተህ የሌላ ሰው ስም መጥራትህን ግን አውቀህ ነው ያደረግኸው።»

ካራቢኒዬሬው ኑንዚዮን በጎን በር ይዞት ወጣ። ዶና ቱዳ ተከትለዋቸው ሄዱ፤ ባላቸው ጋ ይቅሩ ወይስ የልጃቸውን ያህል ካሳደጉት ጋ ይሂዱ ሳያውቁ መሀል መንገድ ቆመው ጮኹ። ማስትሮ ቪቶ ሮጠው ደገፏቸው።

 ማሬሻሎው ሲወጡ ባርኔጣቸውን ለዶን ሜሎ አነሡና እጃቸውን ዘርግተው ጨበጧቸው። ጥቁሩ ቀለም መዳፋቸው ላይ ቀረ፤ አልጠረጉትም።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«አባባ» አለች ቬኔራ። «ሚስማሩን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?»

ዶን ሜሎ አግዳሚው ላይ ያሉትን ብረቶች አላዩም። «ኪስ ያለው ቀሚስ ይሰፋልኝ ብለሽ ካለቀስሽበት ቀን ጀምሮ።»

«ለምን አልተቆጡኝም?»

«ምን ብዬ ልቆጣሽ? እኔም ድምፄን ስሰማ እፈራ ነበር። ሌሊት ሌሊት እናትሽን ‹ገደ ቢስ ነኝ እንዴ?› እላት ነበር። እሷ ሞተች። ከዚያ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።»

ቬኔራ ይቅርታ ልትላቸው አስባ ቃሉ አነሰባት። «እኔን ቢጠይቁኝ ዋሽቼ እንኳ አይደሉም እልዎት ነበር» አለች እያለቀሰች። «አሁን ሳልዋሽ እልዎታለሁ።»

አባቷ በጥቁር እጃቸው ፊታቸውን ሊጠርጉ ብለው ተዉት። እሷ በሽርጧ ጠረገችላቸው።

ውጭ ሕዝቡ አልተበተነም። ወሬው ደርሶታል፤ ሆኖም ድንጋዩን ጥሎ ይቅርታ የጠየቀ ማንም የለም። በሩ ሲከፈት ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። እጆች ወደ ኪስ፣ ወደ ቁልፍ፣ ወደ በር መወርወሪያ ሄዱ። ዳቦ ሻጩ ወደ ኋላ ሲል ከኋላው ያለችውን ሴት ረገጠ። ዶን ሜሎ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ሰብረው፣ ልጃቸው ከኋላ ርቃ እንድትከተላቸው ፈጠን ብለው ወረዱ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሄዱት።

ቬኔራ ሮጣ ደረሰችባቸውና ክንዳቸውን ያዘች።

«ልቀቂኝ» አሏት በሹክሹክታ። «ሰው ያይሻል።»

«ይየኝ» አለች፤ በሁለት እጇ ያዘቻቸው።

አደባባዩን በመሀሉ አቋርጠው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።